የተደበቀ ሣጥን ፍለጋና ያልፈነዳ ብረት፦ በጣና ዳር ለልጆቻችን የቱን እናስተምር?



በውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን ለእረፍት ወደ አገር ቤት ሲመጡ ልጆቻቸውም ያደጉበትን ልማድ ይዘው ይመጣሉ። ከእነዚህ ልማዶች አንዱ ሊሆን የሚችለው ስልክ ይዞ በየመናፈሻው፣ በየጫካውና በየወንዙ ዳር የተደበቀ ሣጥን መፈለግ ነው። ጨዋታው "ጂኦካሺንግ" ይባላል። በአውሮፓና በአሜሪካ ቤተሰብ ከልጆቹ ጋር ቅዳሜና እሁድ የሚጫወተው፣ ልጆችን ከቴሌቪዥን አስነስቶ ወደ ሜዳ የሚያወጣ፣ በራሱ ምንም ክፋት የሌለበት ጨዋታ ነው።

ይሁን እንጂ በእኛ ክልል ልጆች መማር ያለባቸው ሌላ ትምህርት አለ። እርሱም "የማታውቀውን ነገር አትንካ፣ አታንሳ፣ አትክፈት" የሚል ነው። አንደኛው ትምህርት "ፈልግ፣ አግኝ፣ ክፈት" ይላል፤ ሁለተኛው "ተው፣ ራቅ፣ ተናገር" ይላል። ሁለቱ በአንድ ልጅ አእምሮ ውስጥ ሲገናኙ ምን ይሆናል? ይህ ጽሑፍ ስለ ጨዋታው ምንነት፣ የሰው አገር ፖሊስን ደጋግሞ ያስደነገጠበትን ምክንያት፣ እኛ ዘንድ ጉዳዩ ለምን ከበድ እንደሚል፣ እንዲሁም አጠራጣሪ ዕቃ ስናይ ምን ማድረግ እንዳለብን ለማብራራት የተዘጋጀ ነው።

ጨዋታው ምንድን ነው?

ስልካችን ያለንበትን ቦታ የሚያውቀው ከሳተላይት በሚመጣ ምልክት ነው፤ ይህም ጂፒኤስ ይባላል። ሥርዓቱ የአሜሪካ ጦር ንብረት በመሆኑ እስከ እ.ኤ.አ 2000 ድረስ ለሲቪሉ ተጠቃሚ የሚደርሰው ምልክት ሆን ተብሎ ይዛባ ነበር። በዚህም ምክንያት ስህተቱ እስከ 100 ሜትር ይደርስ ነበር። በግንቦት ወር 2000 መጀመሪያ ላይ በፕሬዚዳንት ክሊንተን ውሳኔ ማዛባቱ ቆመና መሣሪያው በአንድ ቀን ውስጥ አሥር እጥፍ ያህል ትክክለኛ ሆነ።

በዚያው ሰሞን፣ ግንቦት 3 ቀን 2000፣ ዴቭ ኡልመር የተባለ አሜሪካዊ በኦሪጎን ግዛት ጫካ ውስጥ አንድ ጥቁር ባልዲ ደበቀ። ውስጡ ትናንሽ ዕቃዎችና የፊርማ ደብተር አስቀመጠ። ቦታውን የሚያመለክተውን ቁጥር ኢንተርኔት ላይ ጻፈና "ፈልጋችሁ አግኙ" አለ። በጥቂት ቀናት ውስጥ ሰዎች አገኙት። ጨዋታው የተወለደው እንዲህ ነው። ዛሬ በዓለም ዙሪያ ከ3 ሚሊዮን በላይ የተደበቁ ሣጥኖች እንዳሉ ይነገራል።

አሠራሩ ቀላል ነው። አንድ ሰው ውሃ የማያስገባ ዕቃ ይመርጣል። የምግብ ማስቀመጫ ፕላስቲክ፣ የፎቶ ፊልም ብልቃጥ፣ ጫፍና ጫፉ የተደፈነ የፕላስቲክ ቱቦ፣ ማግኔት የተለጠፈበት የብረት ቆርቆሮ፣ አንዳንዴም አሮጌ የጥይት ሣጥን ሊሆን ይችላል። ያንን በድንጋይ ሥር፣ በዛፍ ጎድጓዳ ወይም በአጥር ሥር ይሸጉጠዋል። ፈላጊው በስልኩ እየተመራ ይደርሳል፣ ይከፍታል፣ ስሙን ጽፎ ይፈርማል፣ ከዚያም እንደነበረ መልሶ ይደብቃል። ከሣጥኑ ትንሽ ዕቃ ቢወስድ በዋጋ የሚመጣጠን ሌላ ዕቃ መተው ይጠበቅበታል።

የጨዋታው አንድ ደንብ ልብ ሊባል ይገባዋል። ፈላጊው ጨዋታውን የማያውቅ መንገደኛ እንዳያየው መጠንቀቅ አለበት፤ አለበለዚያ መንገደኛው ሣጥኑን ሊወስደው ይችላል። ስለዚህ ተጫዋቹ ግራና ቀኝ ያያል፣ ሰው እስኪያልፍ ይጠብቃል፣ ጎንበስ ብሎ በፍጥነት አንድ ነገር ይሸጉጣል፣ ከዚያም ፈጠን ብሎ ይሄዳል። ለተጫዋቹ ይህ ደስታ ነው። ከሩቅ ለሚያየው ሰው ግን ምን ይመስላል?

ሣጥኑ ለምን ያስደነግጣል?

በሐምሌ ወር 2011 (እ.ኤ.አ) በእንግሊዝ ዌዘርቢ በምትባል ትንሽ ከተማ የሆነው ለዚህ መልስ ይሆናል። አንድ ሰው ከካፌ ደጃፍ ጎንበስ ብሎ አንድ ነገር ሲሸጉጥ ታየ። ያየው ሰው ለፖሊስ ደወለ። መንገዱ ተዘጋ፣ ሰዎች ከአካባቢው ወጡ፣ የጦሩ የቦምብ አምካኝ ቡድን ተጠርቶ ሣጥኑን በቁጥጥር ሥር አፈነዳው። የተገኘው የጨዋታ ዕቃ የያዘ የፕላስቲክ ሣጥን ነበር። የደወለው ሰው አልተሳሳተም፤ ፖሊስም አልተሳሳተም። ተጫዋቹም ክፉ ሐሳብ አልነበረውም። ይሁንና የአንድ ከተማ ውሎ ተናጋ።

ከዚህ የሚበልጠው የቦስተን ታሪክ ነው። ጥር 31 ቀን 2007 (እ.ኤ.አ) በዚያች የአሜሪካ ከተማ በድልድይ ሥርና በየሕንፃው ላይ የተሰቀሉ ባትሪና ሽቦ ያላቸው ሰሌዳዎች ታዩ። ድልድዮችና መንገዶች ተዘጉ፣ የወንዝ ትራፊክ ቆመ። ኋላ ላይ ሰሌዳዎቹ የካርቱን ፊልም ማስታወቂያ መሆናቸው ታወቀ። የማስታወቂያው ባለቤት ኩባንያ 2 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ጉዳዩን ዘጋ። ተመሳሳይ ሰሌዳዎች በሌሎች ከተሞችም ለሳምንታት ተሰቅለው ነበር፤ እንዲህ የተደናገጠ ግን አልነበረም። አንድ ዓይነት ዕቃ በአንዱ ቦታ ማስታወቂያ፣ በሌላው ቦታ ቦምብ ሆኖ ይታያል። ልዩነቱን የሚፈጥሩት ቦታው፣ ጊዜውና ያየው ሰው የኖረበት ሁኔታ ናቸው።

የእንግሊዝ የባቡር ፖሊስ ሠራተኞቹንና ተሳፋሪውን የሚያስተምርበት የሦስት ጥያቄ መለኪያ አለ። ዕቃው ሆን ተብሎ ተደብቋል ወይ? በግልጽ የሚያጠራጥር ነገር አለው ወይ፣ ለምሳሌ ሽቦ፣ ባትሪ፣ የተጠቀለለ ፕላስተር? ለዚያ ቦታ የተለመደ ነው ወይ? መልሱ ወደ ጥርጣሬ ካዘነበለ ይነገራል፤ ካልሆነ ምናልባት የተረሳ ዕቃ ነው።

እንግዲህ የጨዋታውን ሣጥን በዚህ መለኪያ እንመዝነው። ተደብቋል? አዎ፤ የጨዋታው ዓላማ መደበቅ ነው። ያጠራጥራል? የተደፈነ ቱቦ ወይም የጥይት ሣጥን ከሆነ አዎ። ለቦታው የተለመደ ነው? በድልድይ ሥር የተለጠፈ ቆርቆሮ የተለመደ አይደለም። ሣጥኑ ለጨዋታው ጥሩ የሚሆንበት ነገር ሁሉ ለጸጥታ ሰዎች አጠራጣሪ የሚያደርገው ነገር ነው። የጨዋታው አስተዳዳሪዎችም ይህን ስለሚያውቁ ሣጥኑ ላይ ምንነቱ በግልጽ እንዲጻፍ፣ ያለ ባለቦታው ፈቃድ እንዳይቀመጥ፣ በመሬት እንዳይቀበር፣ በትምህርት ቤት፣ በጦር ሠፈር፣ በአየር ማረፊያና በመሳሰሉት አጠገብ እንዳይሆን ደንግገዋል።

የእኛ አካባቢ ለምን ይለያል?

ለዌዘርቢ ነዋሪ ፍንዳታ የዜና ነገር ሊሆን ይችላል። ለባሕር ዳር ነዋሪ ግን የኖረበት ነው። ኅዳር 4 ቀን 2013 ሌሊት ወደ ባሕር ዳርና ጎንደር አውሮፕላን ማረፊያዎች ሮኬት ተተኩሷል፤ ከሳምንት በኋላም ባሕር ዳር ላይ ተደግሟል። በ2013 መጨረሻና በ2014 ጦርነቱ ወደ ጎንደር፣ ወሎ፣ ዋግና ሰሜን ሸዋ ዘልቆ ነበር። ጥቅምት 23 ቀን 2015 የፕሪቶሪያው ስምምነት ከተፈረመ በኋላም ክልላችን ከጥይት ድምፅ አልራቀም። በእንዲህ ያለ ሁኔታ ሌሊት በዓባይ ድልድይ ሥር ወይም በሐይቁ ዳር ቁጥቋጦ ውስጥ አንድ ነገር ሲሸጉጥ የታየ ወጣት "ጨዋታ ነው" ብሎ ሊያስረዳ የሚችልበት ጊዜ ላያገኝ ይችላል።

ከዚህ የባሰው ግን ያልፈነዳ ተተኳሽ ነው። ጦርነት በተካሄደበት ቦታ ሁሉ ተተኩሶ ያልፈነዳ የሞርታርና የመድፍ ጥይት፣ የተጣለ የእጅ ቦምብ፣ አንዳንዴም የተቀበረ ፈንጂ ይቀራል። አገራችን ይህን ችግር ከጣሊያን ወረራ ዘመን ጀምሮ ታውቀዋለች፤ ከ1969 እስከ 1970 በተካሄደው የሶማሊያ ጦርነት፣ ከ1990 እስከ 1992 በነበረው የኤርትራ ድንበር ጦርነትም ተደራርቧል። በ2001 (እ.ኤ.አ) የፈንጂ ማጽዳት ሥራን የሚመራ ብሔራዊ ጽሕፈት ቤት ተቋቁሟል። ኢትዮጵያ የፀረ ሰው ፈንጂን የሚያግደውን የኦታዋ ስምምነትም በታኅሣሥ 2004 (እ.ኤ.አ) አጽድቃለች። ከቅርቡ ጦርነት በኋላም የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶችና ቀይ መስቀል በአማራ፣ በአፋርና በትግራይ ክልሎች ሕዝቡን ስለ አደጋው ሲያስተምሩ ቆይተዋል።

ያልፈነዳ ተተኳሽ ለምን አደገኛ እንደሆነ ለልጆች በሚገባቸው ቋንቋ መንገር ያስፈልጋል። አንድ የሞርታር ጥይት ከመተኮሱ በፊት የመፈንጃ ክፍሉ በመቆለፊያ የተያዘ ነው። ሲተኮስ ግን ቁልፉ ይከፈታል። መሬት ሲመታ መፈንዳት ነበረበት፤ ያልፈነዳው ምናልባት በለስላሳ አፈር ወይም በረግረግ ላይ ስለወደቀ፣ ወይም መርፌው ስለተቀረቀረ ብቻ ነው። ቁልፉ ግን እንደተከፈተ ነው። ከዚያ በኋላ የቀረው አንድ ግፊት፣ አንድ መዶሻ ወይም የእሳት ሙቀት ነው። ብረቱ ሲዝግ "ሞቷል" ማለት አይደለም፤ ዝገት ውጪውን እንጂ ውስጡን ባሩድ አይገድለውም። አሥርት ዓመታት ያለፈውም ሊፈነዳ ይችላል።

እዚህ ላይ ኑሮ ይገባበታል። "ቁራሌው!" እያለ በየሠፈሩ የሚዞረው ወንድማችን ብረት በኪሎ ይገዛል። ለችግረኛ ቤተሰብ ልጅ የተገኘ ብረት ሁሉ ዳቦ ነው። አሮጌ የመድፍ ቀለህ ደወል ሆኖ ተሰቅሎ፣ ወይም የአበባ ማስቀመጫ ሆኖ ቤት ውስጥ ማየትም በሰሜኑ የአገራችን ክፍል እንግዳ ነገር አይደለም። ችግሩ ባዶ ቀለህንና ያልፈነዳን ተተኳሽ ዓይኑን አይቶ የሚለይ ሰው ጥቂት መሆኑ ነው። ልጁ አይለይም፣ ቁራሌውም አይለይም፣ ብረት ቀጥቃጩም ሁልጊዜ አይለይም።

ስለዚህ ጥያቄያችን "ጨዋታው ሐላል ነው ወይስ ሐራም?" ከሚለው ይሰፋል። ከውጭ የመጣው ልጅ ለአክስቱ ልጅ "በድንጋይ ሥር ያለውን ፈልገህ ክፈት" ብሎ ቢያስተምረው፣ እንግዳው ልጅ በነሐሴ ተመልሶ ይሄዳል። የአክስቱ ልጅ ግን ልማዱን ይዞ ይቀራል። በቀጣዩ ጊዜ በድንጋይ ሥር የሚያገኘው ሣጥን ማን እንዳስቀመጠው አያውቅም።

ዕቃውን እንጂ አለባበሱን አንጠርጥር

ጥንቃቄ ስንል ግን ሌላውን ጠርዝ መዘንጋት የለብንም። መስከረም 14 ቀን 2015 (እ.ኤ.አ) በአሜሪካ ቴክሳስ ግዛት በኢርቪንግ ከተማ የሱዳን ተወላጅ የሆነው የ14 ዓመቱ አሕመድ ሙሐመድ ራሱ የገጣጠመውን ሰዓት ለመምህራኑ ሊያሳይ ወደ ትምህርት ቤት ወሰደ። ሰዓቱ ቦምብ ይመስላል ተብሎ ልጁ በካቴና ታስሮ ተወሰደ። ክስ አልተመሠረተበትም። ይሁንና ዓለም ሁሉ "ስሙ አሕመድ ባይሆን ኖሮስ?" ብሎ ጠየቀ። በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር ወደ ዋይት ሐውስ ተጋብዞ ሄደ።

ይህ ታሪክ ለእኛ ሁለት ትምህርት አለው። የመጀመሪያው፣ ጥርጣሬ መነሣት ያለበት ከዕቃውና ከድርጊቱ እንጂ ከሂጃብ፣ ከጢም፣ ከስም ወይም ከሚናገሩት ቋንቋ አይደለም። ሁለተኛው፣ እኛም ይህን ሚዛን በሌላው ላይ እንዳናጎድል ነው። ከገጠር የመጣ ገበሬ ማዳበሪያውን ተሸክሞ ግራ ተጋብቶ ስለቆመ፣ ወይም ቋንቋችንን የማይናገር እንግዳ ስለሆነ ብቻ "ይያዝልን" ማለት ግፍ ነው። በራሳችን ላይ ሲሆን የሚያመንን በሌላው ላይ ልናደርገው አይገባም።

ደግሞም "ለቦታው የተለመደ ነው ወይ?" የሚለውን ጥያቄ በራሳችን ዓይን እንመልሰው። በጣና ላይ ተንሳፎ የሚታይ ቢጫ ጀሪካን ብዙ ጊዜ የዓሣ አጥማጅ መረብ ምልክት ነው። በገበያ ቀን ከመንገድ ዳር የተቀመጠ ማዳበሪያ ጎመን ወይም ከሰል ነው። በመናኸሪያ የተቀመጠ ኩርቱ ፌስታል ባለቤቱ ሻይ ሊጠጣ የሄደ መንገደኛ ነው። ለንደን ላይ ያለ ባለቤት የቆመ ሻንጣ የሚያስደነግጠውን ያህል እኛ ዘንድ አያስደነግጥም፤ መደንገጥም የለበትም። መጀመሪያ "የማን ነው?" ብሎ በአካባቢው ያሉትን መጠየቅ ብዙውን ጊዜ ነገሩን ይጨርሰዋል። ባለቤት ከጠፋ፣ ተደብቆ ከተገኘ፣ ሽቦ ወይም የጦር መሣሪያ ቅርጽ ካለው ግን ነገሩ ሌላ ነው።

በዲናችን ዓይን

ይህ ጽሑፍ ፈትዋ አይደለም፤ ለፈትዋ ዑለሞቻችን አሉ። ነገር ግን ጉዳዩን የሚነኩ የታወቁ መሠረቶችን ማስታወስ ተገቢ ነው።

አንደኛ፣ የተገኘ ዕቃ ሁሉ "ሉቀጣ" አይደለም። ሉቀጣ ባለቤቱ የጠፋበት ንብረት ነው። ዘይድ ኢብኑ ኻሊድ አል-ጁሀኒ ባስተላለፉት በቡኻሪና ሙስሊም በተዘገበ ሐዲስ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) የተገኘ ዕቃ መያዣውና ማሰሪያው በደንብ ታውቆ ለአንድ ዓመት እንዲነገር አዘዋል። ስለ ጠፋ ግመል ሲጠየቁ ግን ባለቤቱ እስኪያገኘው ድረስ እንዲተዉት ነግረዋል። የተገኘ ነገር ሁሉ ይነሣ አልተባለም፤ ባለበት የሚተውም አለ። በራሱ ባለቤት ሆን ተብሎ፣ እንዲከፈት ተፈቅዶ የተቀመጠ የጨዋታ ሣጥን ደግሞ የጠፋ ንብረት ሊባል አይችልም። ምንነቱ ያልታወቀ ብረትን ግን "አማና ነው፣ ለባለቤቱ አደርሳለሁ" ብሎ ማንሣት ነፍስን ለአደጋ መስጠት ነው። ነፍስን መጠበቅ ሸሪዓ ከመጣባቸው አምስት ታላላቅ ዓላማዎች አንዱ ነው።

ሁለተኛ፣ ጎጂን ነገር ከመንገድ ማስወገድ ከኢማን ቅርንጫፎች አንዱ መሆኑን ሁላችንም ተምረናል። እሾህና ድንጋይ በእጅ ይነሣል። ያልፈነዳ ቦምብ ግን በእጅ አይነሣም። እርሱን ከመንገድ የሚያስወግደው ሰዎችን ያራቀና ለሚያውቅ የነገረ ሰው ነው። ምንዳውን ፍለጋ አንሥቶ ወደ ገደል ወይም ወደ ሐይቁ ሊወረውር የሄደ ወንድም መልካም ኒያ ይዞ ራሱንና ሌላውን ሊያጠፋ ይችላል።

ሦስተኛ፣ ማስደንገጥ ቀልድ አይደለም። አቡ ዳዉድ እንደዘገቡት ሰሓባዎች ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጋር በጉዞ ላይ ሳሉ አንዱ የተኛ ባልደረባቸውን ገመድ ሲወስድበት ሰውየው ደነገጠ። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ሙስሊም ሙስሊምን ማስደንገጥ እንደማይፈቀድለት ተናገሩ። ቀስት ይዞ በመስጂድ ወይም በገበያ የሚያልፍ ሰውም ማንንም እንዳይወጋ የቀስቱን ጫፍ በእጁ እንዲይዝ አዘዋል። ዛሬ ሽቦ የወጣበት ሣጥን በየቦታው አስቀምጦ የሰዎችን ድንጋጤ በስልክ ቀርጾ ለሳቅ የሚለጥፍ ወጣት ቢኖር የትኛውን እየጣሰ እንደሆነ ይህ ይነግረዋል። የአገራችን የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 485 ሕዝብን ማስደንገጥን ያስቀጣል።

አራተኛ፣ ወሬ። በሱረቱ አን-ኒሳእ 83ኛው አንቀጽ የደኅንነት ወይም የስጋት ወሬ ሲመጣ ወዲያው የሚያሠራጩ ሰዎች ተወቅሰዋል፤ ጉዳዩ ወደሚመለከታቸውና ወደሚያውቁት መመለስ እንደነበረበትም ተመልክቷል። "እገሌ ሠፈር ቦምብ ተገኘ" የሚል ያልተጣራ መልእክት በቴሌግራም መላክ ከዚህ ጋር አይሄድም። የተላከው ፎቶ የሰው ቤት ወይም የሰው ፊት ካለበት ጉዳቱ እጥፍ ነው።

አጠራጣሪ ነገር ስናይ ምን እናድርግ?

በመምህርነት ባሳለፍናቸው ዓመታት እንደተገነዘብነው ልጅ "አትንካ" የሚለውን ብቻ ሲሰማ መንካት ይበልጥ ያምረዋል። ምን ማድረግ እንዳለበት ሲነገረው ግን ይይዘዋል። ስለዚህ ትእዛዙን በተግባር እንስጠው።

• ቁም። አትንካ፣ አትርገጥ፣ በድንጋይ አትምታ፣ በእንጨት አትነካካ። እሳት አታንድድበት፣ ወደ ውሃም ወደ ጉድጓድም አትጣለው።

• ተመለስ። በሜዳ ወይም በጫካ ከሆንክ በመጣህበት ዱካ ተመለስ። አንድ ፈንጂ ካለ ሌላም ሊኖር ይችላል።

• ራቅ፤ ሌሎችንም አርቅ። የእንግሊዝ ፖሊስ ለቦርሳ የሚያህል ዕቃ ቢያንስ 100 ሜትር፣ ለመኪና 200 ሜትር፣ ለጭነት መኪና 400 ሜትር መራቅን ይመክራል። 100 ሜትር ማለት ከአንድ የእግር ኳስ ሜዳ ግብ እስከ ሌላው ግብ ያህል ነው። ከግንብ ጀርባ መሆን ይሻላል፤ መስታወት አጠገብ አትቁም።

• ከራቅህ በኋላ ደውል። ከዕቃው አጠገብ ሆነህ ስልክ አትጠቀም፣ ፎቶ ለማንሣትም አትጠጋ። የፖሊስ ነፃ መስመር 991 ነው፤ ቅርብ ያለ ፖሊስ ጣቢያ ወይም ቀበሌም ይነገረዋል። ልጅ ከሆነ ለወላጅ፣ ለመምህር ወይም ለኡስታዙ ይንገር።

• ምልክት ተው። የጸጥታ ሰው እስኪመጣ የሚቆይ ከሌለ በሩቁ መንገድ ላይ ድንጋይ ደርድር ወይም ጨርቅ እንጨት ላይ እሰር። ወደ ዕቃው ተመልሰህ ግን ምልክት አታድርግ።

ዓሣ አጥማጆች ወገኖቻችን ከመረባቸው ጋር የማያውቁት ከባድ ብረት ቢወጣ ወደ ታንኳው ጎትተው ከማስገባት መረቡን መተው ይሻላቸዋል። መረብ በመረብ ይተካል። ቁራሌዎችም ጫፉ ሾጣጣ፣ ክንፍ ያለው ወይም የእንቁላል ቅርጽ ያለው ብረት ልጅ ይዞ ቢመጣ "አልገዛም" ብሎ ልጁን መልሶ ከመላክ ይልቅ ሁለቱም ከዕቃው ርቀው ፖሊስ እንዲጠራ ያድርጉ። "አልገዛም" የተባለ ልጅ ያንኑ ብረት ተሸክሞ ወደ ቤቱ ነው የሚመለሰው።

የመስጂድ ኮሚቴዎችም ድርሻ አላቸው። በጁሙዓና በዒድ ቀን ደጃፍ ላይ የሚከመር ጫማ፣ ቦርሳና ፌስታል መካከል የትኛው የማን እንደሆነ አይታወቅም። መንገደኛ ዕቃውን የሚያስቀምጥበት አንድ የተለየ ቦታ ማዘጋጀት፣ ሁለት ወጣቶችን ለዚሁ መመደብ፣ ኹጥባ ከመጀመሩ በፊት "ዕቃችሁን አጠገባችሁ ያዙ" ብሎ ማስታወስ ወጪ የለውም። የሆነ ነገር ቢያጠራጥር በድምፅ ማጉያ "ቦምብ!" ብሎ መጮህ ከቦምቡ ይልቅ ሰው በሰው ላይ ተረጋግጦ እንዲጎዳ ያደርጋል። በዝግታ "በምሥራቅ በር ውጡ" ማለት ይበቃል።

ሣጥን የሌለው ፍለጋ

ታዲያ ልጆች በስልካቸው ታግዘው አገራቸውን እንዳያውቁ እንከልክል? አይደለም። ጨዋታው ራሱ መፍትሔ አለው። ምንም ሣጥን ሳይደበቅ፣ ቦታው ላይ ደርሶ ጥያቄ የሚመለስበት ዓይነት ፍለጋ አለ። እ.ኤ.አ ከ2004 ጀምሮ የአሜሪካ የሥነ ምድር ማኅበር የሚደግፈው የዚህ ጨዋታ ዘርፍ ፈላጊውን ወደ ድንጋይ፣ ፏፏቴና ሸለቆ ወስዶ ያየውን እንዲያብራራ ይጠይቀዋል። የሚከፈት ነገር የለም፤ የሚገለጥ ዕውቀት ግን አለ።

ለዚህ ከጣና ዳር የተሻለ ቦታ ከየት ይገኛል? ሐይቁ ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሰፋል፤ በ2015 (እ.ኤ.አ) በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ተብሎ ተመዝግቧል። የሥነ ምድር ሊቃውንት እንደሚያስረዱት ሐይቁ የተፈጠረው በደቡብ በኩል የፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የውሃውን መውጫ በመገደቡ ነው። ልጆቹ ዳር ላይ ያለውን ጥቁር ድንጋይ አይተው፣ ከከተማዋ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ወደሚገኘው ጢስ ዓባይ ሄደው፣ ውሃው ከምን ዓይነት ድንጋይ ላይ እንደሚወርድ ይመልሱ። በሐይቁ ዳር ለዘመናት የኖሩትን የወይጦ ሙስሊም አባቶች "ታንኳ ለመሥራት ደንገል የሚታጨደው መቼ ነው? ስንት ቀን ይደርቃል?" ብለው ይጠይቁ። መልሱ የሚገኘው ከሰው አፍ እንጂ ከድንጋይ ሥር አይደለም።

አንድ ምሳሌ እንጨምር። ከባሕር ዳር ካዕባ በቀጥታ መስመር ወደ 1,100 ኪሎ ሜትር ይርቃል፤ አቅጣጫውም ከሰሜን ወደ ምሥራቅ 13 ዲግሪ ገደማ ዘንበል ያለ ነው። በከተማዋ ዳር ቆሞ ወደ ቂብላ የዞረ ልጅ ከፊቱ የሚያየው ጣናን ነው። ይህን በስልኩ ኮምፓስ ያረጋግጥ። ከዚያም ያለ ስልክ ይሞክረው፤ በየዓመቱ ግንቦት 20 እና ሐምሌ 9 አካባቢ ፀሐይ በቀጥታ ከካዕባ አናት ላይ ትሆናለች። በእኛ ሰዓት አቆጣጠር በግንቦቱ ቀን 6 ሰዓት ከ18 ደቂቃ፣ በሐምሌው 6 ሰዓት ከ27 ደቂቃ ገደማ ነው። በዚያች ሰዓት ቀጥ ብሎ የተተከለ እንጨት ጥላ ተቃራኒው ቂብላ ነው። መድረሳዎቻችን ይህን በግቢያቸው ሊያደርጉት ይችላሉ፤ እንጨት፣ ሰዓትና ፀሐይ ይበቃሉ።

በሣጥን መጫወት የግድ ካስፈለገ ደግሞ በራስ ግቢ ወይም በትምህርት ቤት አጥር ውስጥ፣ በአዋቂ ፊት፣ ውስጡ በሚያሳይ ፕላስቲክ፣ "የልጆች ጨዋታ" ተብሎ በአማርኛ ተጽፎበት ይሁን፤ ሲያበቃም ይነሣ። በ2016 በተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ አካባቢ፣ በአውሮፕላን ማረፊያ፣ በመናኸሪያ፣ በመስጂድና በቤተ ክርስቲያን ቅጥር፣ በመቃብር ስፍራና በሐይቁ ደሴቶች ባሉ ገዳማት ግን አይሁን። የሌላው ወገናችን የአምልኮ ስፍራም እንደኛው ሁሉ ሰላሙ ይጠበቅ።

ልጆቻችሁ ዛሬ ማታ ከመስጂድ ሲመለሱ አንድ ጥያቄ ጠይቋቸው፦ "መንገድ ላይ የማታውቀው ብረት ብታገኝ ምን ታደርጋለህ?" የሚመልሱት መልስ ምን እንደሚያውቁና ምን እንደጎደላቸው ይነግራችኋል። አላህ ልጆቻችንን፣ ከተማችንንና አገራችንን ከአደጋ ይጠብቅልን። ወላሁ አዕለም።